የዳሩ ጉድጓድ

በአንድ ወቅት፣ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ጉልበቱ እየተቆለፈ በሚቀርበት ቤት፣ ደርቤ የሚባል ሸማኔ ነበር። አያቱ እንደተቀመጡ ሞቱ፤ አባቱም እንደተቀመጡ ሞቱ። እሱን ደዌው የያዘው ሽመናው ላይ ነው፤ ልጆቹ ተሸክመው መደብ ላይ አኖሩት፣ እዚያው ቀረ። ከቀኝ እጁ በቀር የሚታዘዝለት አካል አልነበረም። በሩ አምስት እርምጃ ላይ ተከፍቶ ይታየዋል፤ አይደርስበትም።

የባሰው ደግሞ፣ ሦስቱ ልጆቹም ጠዋት ሲነሡ ግድግዳ መያዝ ጀምረዋል።

ታላቂቱ የሺመቤት ቆላ ወርዳ ደጋ ወጥታ ዘጠኝ መቶ ዓይነት የመድኃኒት ሥር ለቅማ መጣች። ግን ያገኘችውን ሁሉ ሙልጭ አድርጋ ነቅላ ነው።

«ለዘር እንኳ አታስቀሪም?» አላት አባቷ።

«አባቴ፣ ይህ ጉልበት ሁለተኛ ዳገት አይወጣልኝም» አለችው።

ወንድሟ ውብሸት ደግሞ፣ «አንድ በአንድ ብናጠጣዎት ዕድሜ አይበቃንም» አለ። ገበጣ ታውቁ የለም? እሱ ባለ ሦስት መቶ ጉድጓድ ገበጣ ጠረበ፤ ያውም ሦስት። ይህን የሚያላላ ሥር የእኛንም ጉልበት ይፈታል ብሎ በየጉድጓዱ ከበሬ ጉልበት የወጣ የገረረ ጅማት አኖረ፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንዱን ሥር ጭማቂ ጠብ አደረገ። የዕድሜ ልኩ ሥራ በሦስት ቀን አለቀ። በመሀለኞቹ ጉድጓዶች አንድም ጅማት አልላላም። በዳር ጉድጓዶች ያሉትን ግን ፀሐይና ነፋስ ያበላሻቸዋል ብሎ ሳያያቸው ገበጣውን ሊደፋ አነሣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ትንሿ አንጓች ክንዱን ያዘችው። ከዳር ጉድጓድ ውስጥ ልምጥምጥ የሚል ጅማት አውጥታ አሳየችው።

«ተዪው፣ የዳር ነው፤ አይታመንም» አላት።

«እንግዲያው እስኪታመን እሞክረዋለሁ» አለች። ከዚያው ሥር ጨምቃ ሦስት ጊዜ መሀል ላይ ሞከረችው፤ ሦስቴም ጅማቱ ላላ። ታዲያ ሥሯ ጣት የምታህል ነበረችና ግማሿ በሙከራ አለቀች። የቀረችው አንድ ጽዋ ብቻ የምትሞላ ነበረች። የሺመቤት እያነከሰች ሥሯን ወደነቀለችበት ቦታ ብትመለስ ባዶ ጉድጓድ ጠበቃት። ተካፍለው እንዳይጠጡት፣ መጠኑ ሲቀንስ ጅማቱ እንደማይላላ በገበጣው አይተዋል።

«ይጠጡት አባቴ» አሉት ሦስቱም፣ የቀረችውን ጨምቀው ጽዋውን በቀኝ እጁ አስይዘው። ከልባቸው ነበር። ግን ሦስቱም ግድግዳ ይዘው ነው የቆሙት።

«እኔስ ኖሬያለሁ» አለ ደርቤ።

መድኃኒቱ በተጨመቀበት ቀን ፀሐይ ሳትገባ ካልተጠጣ ይበላሻል። ፀሐይዋም አዘቅዝቃለች። ደርቤ በዚያች ሰዓት ተነሥቶ ከቤቱ መጥፋት ተመኘ፤ ልጅን ከልጅ ከመምረጥ ተቀምጦ መሞት ቀለለው። ያለችውም አንዲት እጅ ጽዋውን ይዛለች።

የሺመቤት ባትነቅል ሥሩ አይገኝም፤ ስለነቀለችም ዳግመኛ አይበቅልም። ውብሸት ገበጣውን ባይጠርብ ዕድሜያቸው ባለቀ፤ ሊደፋውም የነበረ እሱ ነው። አንጓች ባትይዘው መድኃኒቱ ከጥራጊ ጋር በተጣለ፤ አንዴ ባየችው ብታምን ግን ጽዋው ሁለት ይሆን ነበር።

እናንተ በሁለት እግራችሁ ቆማችሁ የምትሰሙኝ፣ እስቲ ፍረዱ፤ ደርቤ ያቺን እጁን ወደ ማን ይዘርጋ?