ቀና ብሎ የቀረው የደምለው ሩዝ

ጣና ዳር፣ ሩዝ በሚዘራበት ሜዳ፣ ደምለው የሚባል ገበሬ ነበረ። ከማሳው ዝቅ ብሎ የጎረቤቱ የወይዘሮ እንጉዳይ ማሳ አለ። ሁለቱም ከአንድ ከረጢት የወጣ ድቅል ሩዝ ነው የዘሩት። የእንጉዳይ ሩዝ ፍሬው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል፤ የደምለው ግን እንደ ሚዜ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለምለም ነው፤ ሲጨብጡት ግን ገለባ ነው። ደምለው እንቅልፍ አጣ። ከራሱ ገለባ ይልቅ ያንገበገበው የእሷ ፍሬ ነው።

«ፍሬ፣ ሙላ እንጂ!» አለው።

ፍሬውም «አገዳው ያጠራቀመውን ካልሰጠኝ በምን ልሙላ?» አለ።

«አገዳ፣ ስጥ እንጂ! ፍሬው አልሞላም።»

አገዳውም «ቅጠሉ ገና ልጅ ነኝ እያለ ይፈነጥዛል። እሱ ሳያረጅ ጎተራዬን አልከፍትም» አለ።

«ቅጠል፣ አርጅ እንጂ! አገዳው አልሰጠ፣ ፍሬው አልሞላም።»

ቅጠሉም «አፈሩ ጠዋት ማታ ያጠጣኛል፤ ሳልጠማ ምን ያስረጀኛል?» አለ።

«አፈር፣ ጠፈፍ በል እንጂ! ቅጠሉ አላረጀ፣ አገዳው አልሰጠ፣ ፍሬው አልሞላም።»

አፈሩም «ውሃው ተኝቶብኝ?» አለ።

«ውሃ፣ ውረድ እንጂ! አፈሩ አልጠፈፈ፣ ቅጠሉ አላረጀ፣ አገዳው አልሰጠ፣ ፍሬው አልሞላም።»

ውሃውም «የጭቃው ክትር መንገድ ዘጋብኝ» አለ።

«ክትር፣ ተከፈት እንጂ! ውሃው አልወረደ፣ አፈሩ አልጠፈፈ፣ ቅጠሉ አላረጀ፣ አገዳው አልሰጠ፣ ፍሬው አልሞላም።»

ክትሩም «ራሴን በራሴ አልቆርጥ፤ ዶማ ይምጣ» አለ።

«ዶማ፣ ቁረጥ እንጂ! ክትሩ አልተከፈተ፣ ውሃው አልወረደ፣ አፈሩ አልጠፈፈ፣ ቅጠሉ አላረጀ፣ አገዳው አልሰጠ፣ ፍሬው አልሞላም።»

ዶማውም «አንሳኝና ልቁረጥ። ለመሆኑ ክትሩን ያስደፈንከኝ አንተ አይደለህም?» አለው።

ደምለው ወደ እንጉዳይ ማሳ አጮልቆ አየ። ውሃው ክትሩን ካለፈ የሚወርደው እንጉዳይ ማሳ ላይ ነው። ሩዙ ፍሬ ሊቋጥር ሲል፣ ጠብታ እንዳይደርሳት ብሎ የደፈነው ራሱ ነው።

እንጉዳይ ከታች ሆና ተጣራች። «አንተ ደምለው! ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከሩዜ ጋር።»

«መለሰልህ?»

«ሁሉም መለሰ፤ እሺ የሚል ጠፋ እንጂ።»

«እንግዲያው እኔ ላመስግንህ» አለች እየሳቀች። «ውሃውን ስትከለክለኝ አልቅሼ ነበር። አፈሬ ጠፈፍ ሲል ግን ሩዙ ደነገጠና፣ አገዳው ያለውን ሁሉ ለፍሬው አራገፈ። አሁን መሬቱ ሊሰነጠቅ ነው፤ ከዚህ ካለፈ ይጎዳዋል። በል ትንሽ ልቀቅልኝ፤ ያንተም ይጠፍፍልሃል።»

ምቀኝነቱ እሷን እንዳጠገባት ሲሰማ ደምለው ዶማውን ጣና ውስጥ ሊወረውረው ቃጣው። ግን አንድ ዛላ ጨበጠ፤ አሁንም ገለባ ነው። ጥርሱን ነክሶ ዶማውን አነሳ።

ዶማው ክትሩን ቆረጠ፣ ክትሩ ውሃውን ለቀቀ፣ ውሃው ከአፈሩ ወረደ፣ አፈሩ ጠፈፈ፣ ቅጠሉ ጠምቶት ቢጫ ሆነ፣ አገዳው ጎተራውን ከፈተ፣ ፍሬው ሞላ። አፈሩ ሊሰነጠቅ ሲል ደምለው ትንሽ ውሃ ያቀምሰዋል፤ ሲረሳ እንጉዳይ ከታች ትጮህበታለች።

የደምለው ሩዝም አንገቱን ደፋ። እሱ ግን ቀና ብሎ ወደ ታች ሲያይ፣ የእንጉዳይ ትንሽ ይበልጥ የደፋ መሰለው።

ተረቴን መልሱ፤ ዶማውን ግን ደብቁበት።