የምንትዋብ ወገብና የጋሽ ደምሰው ወንበር

ስሙኝማ፤ የማወራችሁ የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም፤ የአምና ነው። ስሟን ብጠራ የሚቀየመኝ ሰው ስላለ በማልጠራት አንዲት ከተማ ውስጥ ምንትዋብ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ የልደት ምስክር ወረቀት መጻፍ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትቀመጣለች፣ ለምሳ ትነሳለች። ከምሳ በኋላ ትቀመጣለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች። እንዲህ ስትል ሰባት ዓመት ሆናት።

የምትቀመጥበት ወንበር ስፖንጁ መሐሉ ላይ ሰምጧል፤ መደገፊያው ከተሰበረ ቆይቷል። ከወንበሩ ዝቅታ የተነሳ ጠረጴዛው ደረቷ ላይ ይደርሳል። ኮምፒውተሩን ለማየት አንገቷን ታሰግጋለች፣ ለመጻፍ ትከሻዋን ትሰቅላለች፣ ወገቧ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። መጀመሪያ የሚያማት ማታ ማታ ብቻ ነበር። ኋላ ከሰዓት በኋላ ጀመራት። ከዚያ ጠዋትም ጨመረ።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ልጇን ሶልያናን ልትወስድ ጎረቤት ገባች። ሶልያና ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷን ስታይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ "እማዬ፣ እዘይኝ!" አለች። ምንትዋብ ጎንበስ አለች። እንደ ጎነበሰችም ቀረች። ጎረቤቷ በብብቷ ገብታ አቃናቻት እንጂ መነሻ አልነበራትም። ሶልያና በእግሯ እየተጎተተች፣ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ምንትዋብ ያን ዕለት ራት አልበላ አላት። ልጅ የሚታዘልበት ዕድሜ አጭር ነው፤ እሱም ሊያመልጣት መሆኑን አሰበች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ጠረጴዛዋ አልሄደችም። በቀጥታ ንብረት ክፍል ገባች። ንብረት ጠባቂው ጋሽ ደምሰው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ቁልፋቸውን ለሰላምታ እንኳ ከእጃቸው አያስቀምጡም። ከኋላቸው ላስቲኩ ገና ያልተላጠ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ የወገብ መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ቆሟል።

"ጋሽ ደምሰው፣ እባክዎ ያንን ወንበር ይስጡኝ። ወንበሩ ወገቤን ይደግፍ፣ ወገቤ ልጄን ይዘል።"

"ወንበሩስ አለ፣ ልጄ። ግን ደብዳቤ ይዘሻል?"

"አልያዝኩም።"

"ያለ ደብዳቤ ከዚህ ክፍል መርፌም አላወጣ። ዘቢደር ትጻፍልሽና ነይ፤ እኔው ራሴ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።"

እንግዲህ ጋሽ ደምሰው ወንበር አይሰጡ፣ ወንበር ወገብ አይደግፍ፣ ወገብ ልጅ አያዝል። ምንትዋብ ወገቧን በእጇ ደግፋ ደረጃውን ወጣች።

ዘቢደር የኃላፊው ጸሐፊ ናት። አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ፣ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች።

"ዘቢዬ፣ ደብዳቤ ጻፊልኝ" አለች ምንትዋብ። "ጋሽ ደምሰው ወንበር አይሰጡ፣ ወንበር ወገብ አይደግፍ፣ ወገብ ልጅ አያዝል።"

"ውይ የኔ እናት! በምን አንገቴ? ይኸው ከትናንት ጀምሮ ወደ ቀኝ አይዞርልኝም" አለች ዘቢደር፤ ስትናገርም መላ ሰውነቷን አዞረች እንጂ አንገቷን አላዞረችም። "ደግሞ አቶ ይርጋለም ያልመሩበትን ማመልከቻ ወደ ደብዳቤ ብቀይር ማን ይሰማኛል? መጀመሪያ እሳቸው ይምሩበት።"

ዘቢደር ደብዳቤ አትጽፍ፣ ጋሽ ደምሰው ወንበር አይሰጡ፣ ወንበር ወገብ አይደግፍ፣ ወገብ ልጅ አያዝል። ምንትዋብ ማመልከቻዋን እዚያው ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጻፈችና የኃላፊውን በር አንኳኳች።

አቶ ይርጋለም ትልቅ የቆዳ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማመልከቻውን አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

"ጌታዬ፣ ይምሩልኝ" አለች። "ዘቢደር ደብዳቤ አትጽፍ፣ ጋሽ ደምሰው ወንበር አይሰጡ፣ ወንበር ወገብ አይደግፍ፣ ወገብ ልጅ አያዝል።"

"ችግሩ ይገባኛል፣ ወይዘሮ ምንትዋብ። ግን ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ሠራተኛው ሠላሳ አራት። ለምን ለእሷ ሰጡ ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ? የሐኪም ማስረጃ ብታመጪ ማንም አፉን አይከፍትም። እኔም ወዲያው እመራልሻለሁ።" ይህን ብለው ሊሸኟት ሲነሱ ጠረጴዛውን ተደግፈው "እህህ" አሉ፤ እንዳልሰማች ሆነች።

ኃላፊው ማመልከቻ አይመሩ፣ ዘቢደር ደብዳቤ አትጽፍ፣ ጋሽ ደምሰው ወንበር አይሰጡ፣ ወንበር ወገብ አይደግፍ፣ ወገብ ልጅ አያዝል። ምንትዋብ ቁልቁለቱን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ወረደች። በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

በጤና ጣቢያው የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያዩት ሲስተር ርግበ ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ናቸው። አስተኝተው ወገቧን ዳሰሱ፣ እግሯን ተራ በተራ አነሱ።

"እግርሽን ይደነዝዝሻል?"

"አይደነዝዘኝም።"

"ወድቀሽ ነበር? ትኩሳት አለሽ? ሽንት መቋጠር ያስቸግርሻል?"

"ምንም የለም፣ ሲስተር።"

"እሰይ። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ለሌላ ምርመራ እልክሽ ነበር።"

"እንግዲያው ማስረጃ ይጻፉልኝ" አለች ምንትዋብ እየተነሳች። "ኃላፊው ማመልከቻ አይመሩ፣ ዘቢደር ደብዳቤ አትጽፍ፣ ጋሽ ደምሰው ወንበር አይሰጡ፣ ወንበር ወገብ አይደግፍ፣ ወገብ ልጅ አያዝል።"

ሲስተር ርግበ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። "ወገብሽ እንጂ ምላስሽስ ደህና ነው! ስሚኝ፣ ብጽፍ ደስ ይለኛል። ግን የተቀመጥሽበትን ሳላይ የጻፍኩት ወረቀት አይጠቅምሽም። ወንበሩን ልይ፣ ጠረጴዛውን ልይ፣ አቀማመጥሽን ልይ። ከምሳ በኋላ እመጣ ነበር፤ ያንን ዳገት ግን ጉልበቴ አይችለውም። ባጃጅ ካገኘሽልኝ እመጣለሁ።"

ሲስተር ማስረጃ አይጽፉ፣ ኃላፊው ማመልከቻ አይመሩ፣ ዘቢደር ደብዳቤ አትጽፍ፣ ጋሽ ደምሰው ወንበር አይሰጡ፣ ወንበር ወገብ አይደግፍ፣ ወገብ ልጅ አያዝል። ምንትዋብ ባጃጅ ፍለጋ ወጣች።

በሩ ላይ የቆመችው ባጃጅ አንዲት ብቻ ነበረች። ነጂው ሙዘይን ይባላል፤ እጁን አጣጥፎ፣ ተኮሳትሮ ተቀምጧል።

"ወንድሜ፣ ከምሳ በኋላ ሲስተር ርግበን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ታደርስልኛለህ?"

"ወደየትኛው ጽሕፈት ቤት?"

"የልደት ወረቀት የሚሰጥበት።"

"እዚያ አልሄድም። ምያለሁ።"

"ምን በደሉህ?"

"ልጄ ሂክማ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ብል የልደት ወረቀት አምጣ አሉኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ 'ነገ ይምጡ' ትለኛለች። ምዝገባው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ካለፈ ልጅቷ ዓመት ሙሉ ቤት መዋሏ ነው። ወረቀቷን በእጄ ሳልይዝ ወደዚያ ቢሮ አንድም ሰው አልጭንም፤ ወላሂ ብያለሁ።"

የምንትዋብ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። መስኮቱን ታውቀዋለች። "ነገ ይምጡ" የሚለውንም ድምፅ ታውቀዋለች።

"ሴትዮዋ እኔ ነኝ" አለች።

ሙዘይን ከባጃጁ ወረደ።

"ወገቤ ሲጠዘጥዘኝ ቶሎ ዘግቼ መነሳት ነበር የምፈልገው። ቀና ማለቱም ያመኛል። አንተ ግን ሦስት ቀን ተመላልሰሃል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ነገሩ እኮ ተያይዟል፤ አንተ ሲስተርን አትጭን፣ ሲስተር ማስረጃ አይጽፉ፣ ኃላፊው ማመልከቻ አይመሩ፣ ዘቢደር ደብዳቤ አትጽፍ፣ ጋሽ ደምሰው ወንበር አይሰጡ፣ ወንበር ወገብ አይደግፍ፣ ወገብ ልጅ አያዝል!"

"ወገብሽ ካልተቃና ደግሞ የሂክማ ወረቀት አይጻፍ!" አለ ሙዘይን። ከዚያ ሙዘይን ሰዓቱን አየ። "አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂና ጻፊያ!"

"አድርሰኛ!"

"ምያለሁ አልኩሽ እኮ!"

መሐላ መሐላ ነው። ምንትዋብ ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው፤ ሙዘይን ባዶ ባጃጁን አጠገቧ በቀስታ እየነዳ ተከተላት። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል።

"ፈጠን በይ እንጂ!"

"አንተ ጎማ አለህ!"

"ትከሻሽን ልቀቂው፤ እንደሱ ሰቅለሽው ዳገት አይወጣም!"

ምንትዋብ ትከሻዋን ለቀቀች፣ እጆቿን አወዛወዘች፣ ረገጥ ረገጥ እያለች ወጣች። ሃያ ለስድስት ሲሆን ቢሮዋ ደረሰች። የሰመጠውን ወንበር ስታየው ሰውነቷ ሁሉ እምቢ አለ፤ አልተቀመጠችም። የሂክማን ቅጽ መስኮቱ ደፍ ላይ አደረገች፤ ደፉ ልክ ክርኗ ጋ ይደርሳል። ቆማ ጻፈች። እየጻፈችም ቀና ብላ ሙዘይንን አየችው።

"የልጅህ ሙሉ ስም?"

"ሂክማ ሙዘይን።"

"የተወለደችበት ቀን?"

ማህተሙ "ጧ!" ሲል ሙዘይን ወረቀቱን ይዞ በረረ። የባጃጇ ጡሩንባ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ተሰማ። ምንትዋብ መስኮቱ ላይ እንደ ቆመች ቀረች። ይድረስ አይድረስ አታውቅም። የምሳ ሰዓት ሆነ፤ ሰው ወጣ፤ እሷ ግን ምሳዋን እዚያው ቆማ እያላመጠች መንገዱን ታያለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ጡሩንባው ተመልሶ መጣ። ሙዘይን ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ "አራት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ! አንደኛ ክፍል፣ ሐ!" ብሎ ጮኸ። ከኋላው ሲስተር ርግበ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

ሲስተር ገብተው የሰመጠው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰመጡ። ለመነሳት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሙዘይንና ምንትዋብ ግራ ቀኝ ይዘው አወጧቸው።

"ይኼ ወንበር አይደለም፣ ጉድጓድ ነው! ወረቀት አምጡልኝ!"

እነሆ ነገሩ ወደ ኋላው ተተረተረ። ምንትዋብ ወረቀት ጻፈች፣ ሙዘይን ሲስተርን ጫነ፣ ሲስተር ማስረጃ ጻፉ፣ ኃላፊው ማመልከቻ መሩ፣ ዘቢደር ደብዳቤ ጻፈች፣ ጋሽ ደምሰው ወንበር ሰጡ፤ እንዳሉትም ራሳቸው ተሸክመው አመጡ።

ሲስተር ርግበ ወንበሩን ከፍ አደረጉት፤ የምንትዋብ ክርን ከጠረጴዛው ጋር እኩል ሆነ። እግሯ መሬት አልነካ ሲል የወረቀት ካርቶን ከሥሩ አስገቡላት። ኮምፒውተሩን ሁለት ወፍራም መዝገብ ላይ አውጥተው ከዓይኗ ትይዩ አቆሙት።

"በቃኝ፣ ዳንኩ!" አለች ምንትዋብ።

"ቆይ! ለመሆኑ አሁን ወገብሽ እንዴት ነው? ከጠዋቱ ጋር ስታስተያዪው?"

ምንትዋብ አሰበች። "ቀለል ብሎኛል። ግን እኮ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ገና አሁን ነው።"

"አየሽ! ጠዋቱን ሁሉ ስትወጪ ስትወርጂ፣ ቆመሽ ስትጽፊ ነው የዋልሽው። ያቀለለሽ እሱ ነው። ወንበሩ ጥሩ ነው፤ ግን ጥሩም ቢሆን አራት ሰዓት ሙሉ ሳትነሺ ከተቀመጥሽበት ያው ያምሻል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላሽ ተነሺ። ሁለት ደቂቃ ተራመጂ። እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ተለጠጪ። ልጅሽን ስታነሺ ደግሞ ከወገብሽ አትጎንበሺ፤ በጉልበትሽ ቁጢጥ ብለሽ አስጠጊያትና ተነሺ። ዛሬ ነገ አትበዪ፤ ግን ታገሺ፣ ሳምንታት ይፈልጋል።"

በሩ ላይ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ተሰማ። አቶ ይርጋለም ናቸው። "ሲስተር፣ የእኔ ወንበር እንኳ የቆዳ ነው። ግን እኔም..." ብለው ወገባቸውን ያዙ። ከኋላቸው ዘቢደር ከነሻሿ፣ ከዘቢደር ኋላ ጋሽ ደምሰው ቆመዋል። ሲስተር ርግበ አዩአቸውና፣ "በሉ ሁላችሁም ግቡ! እጅ ወገብ ላይ!" አሉ። መስኮቱ ላይ የተሰለፈው ባለጉዳይም ሳይጠራ አብሮ ተለጠጠ።

ወገቧ በአንድ ቀን አልዳነም። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ይይዛት ነበር፤ በሁለተኛው ላላ፤ በሦስተኛው ሌሊት መገላበጥ ቻለች። እሷም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት እየተነሳች መስኮቱ ላይ ቆማ ባለጉዳይ ታስተናግዳለች፤ ሰውም ስሟን ማወቅ ጀመረ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ምንትዋብ በጉልበቷ ቁጢጥ አለች። ሶልያናን ወደ ጀርባዋ አስጠጋች፣ ነጠላውን ጠቅልላ ደረቷ ላይ አሰረችና ቀስ ብላ ቀጥ አለች። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ምንም የለም፤ ከሶልያና ክብደትና ሙቀት በቀር ምንም። ወንበር ወገብ ደገፈ፣ ወገብ ልጅ አዘለ! ጎረቤቷ ከደጅ ሆና እልል አለች። ሶልያና የእናቷን ትከሻ ጨብጣ "ሂጂ!" አለች፤ ምንትዋብም ሄደች። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ እንኳ እናቷ አላወረደቻትም።

የእኔ ወሬ እዚህ ላይ አለቀ። እናንተም ስትሰሙኝ ብዙ ተቀመጣችሁ፤ በሉ ተነሱና ወገባችሁን ዘርጉ።