ትኩሱ ላፕቶፕና ቀላሉ ላፕቶፕ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ኢንተርኔት ከሰው ልጅ ቀድመው ባገኙበት ዘመን፣ አቶ ቀበሮ በአንድ ትልቅ ኩይሳ ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ ከፈተ። በሱቁ ውስጥ ያሉት ሁለት ዓይነት ላፕቶፖች ብቻ ነበሩ፤ ነጭና ጥቁር። ሁለት ብቻ መሆናቸውን አትናቁ። እንዲህ ያለ ስስ ዕቃ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ነጩ ከመሳሳቱ የተነሳ ዝንብ ስታርፍበት ይጎብጣል። ጥቁሩም እንደዚያው ቀጭን ነው፤ ሲከፈት ግን ማራገቢያው ከማጉረምረሙ የተነሳ ንቦች «ንግሥታችን ጠራችን» እያሉ ከተራራ ማዶ ይጎርፋሉ። ውሸት ነው የሚል ካለ ኩይሳው እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ሄዶ ይጠይቀው።

በሩ ላይ አቶ ቀበሮ በትልልቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጽፏል።

አንድ ማለዳ እመት አህያ የቆጠበችውን ገብስ ይዛ መጣች። ጀርባዋ ላይ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያልደረቀ ገጣባ አለ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ወፍጮ ቤት እህል ስትሸከም ኖራለች። አሁን ግን አንድ ተስፋ አግኝታለች። ንጉሡ አንበሳ «በወንዛችን ላይ ለሚሠራው ድልድይ ጥሩ ንድፍ ያመጣልኝን መሐንዲሴ አደርገዋለሁ፤ ከሸክምም ነፃ ይሆናል» ብሎ አውጇል። ንድፉ የሚታየው ክረምት ሳይገባ በሚደረገው ጉባኤ ላይ ነው። እመት አህያ እህሉን ተሸክማ ወንዙን ስትሻገር፣ ውሃው ሆዷን እየመታት፣ ድልድዩን በሐሳቧ ሠርታ ጨርሳዋለች። የቀራት መሣሪያው ነው።

«እንኳን ደህና መጡ እመት አህያ» አለ አቶ ቀበሮ፣ ጭራውን እያወዛወዘ። «የቱ ደስ ይልዎታል?»

እመት አህያ ዕቃ የምትመዝነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ነጩን ጀርባዋ ላይ አኖረችው። ቀጥላ ጥቁሩን አኖረችው። እንደገና ነጩን ሞከረች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

«ይኼኛው የለም ማለት ይቻላል» አለች። «ገጣባዬ እንኳ መጫኑን አላወቀም።»

«ባትሪውስ ቢሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አያልቅም። እንደ እርስዎ ላለች ሠራተኛ እመቤት የተሠራ ነው።»

አቶ ቀበሮ ስለ ድልድዩ ሰምቷል። ውሃው ሲፈስ፣ ድንጋዩ ሲደረደር የሚያሳይ ንድፍ ጉልበተኛውን ጥቁር እንደሚፈልግም ያውቃል። ይሁን እንጂ ደስ ያለውን ገዢ ማረም ምን ያተርፍልኛል ብሎ ገብሱን ተቀበለ።

ገና ሒሳቡ ሳያልቅ ከበሩ አካባቢ አንድ ሽታ መጣ። እመት አህያ ሽታውን ታውቀዋለች። ነጩን ላፕቶፕ በጥርሷ ይዛ በጓሮ ቀዳዳ ወጣች፤ ቀዳዳው የተሠራው ለአይጥ ነበር፤ እንዴት እንዳለፈች እሷም አታውቅም።

የገባው አያ ጅቦ ነው።

«እዚህ አህያ ነበረች?» አለ አየሩን እየሳበ።

«አህያ ምን ልትሠራ ሱቅ ትመጣለች አያ ጅቦ? ይልቅ ምን ልታዘዝ?»

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። «አደን የሚሉት ጨዋታ አለ አሉ። አንበሳ ሆነህ ሚዳቋ ታሳድዳለህ አሉ።» ይህን ሲል ድምፁ ቀነሰ። እንዲህ ነው ነገሩ፤ አያ ጅቦ በዕድሜው የሌላውን ትራፊ እንጂ ራሱ አባርሮ የያዘውን ቀምሶ አያውቅም። በጨዋታም ቢሆን አንዴ ቀድሞ መብላት ይፈልጋል።

አቶ ቀበሮ ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ አቀረበለት። አያ ጅቦ ነጩን አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«ይኼ ከሞተ ቆይቷል። በርዷል።»

ቀጥሎ ጥቁሩን አሸተተ። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ ስላደረ ሆዱ እንደ ምጣድ ግሏል። የአያ ጅቦ ለሐጭ ተንጠባጠበ።

«ይኼ ትኩስ ነው። አሁን ነው የታረደው።»

«የእርስዎን አፍንጫ ማን ያታልላል» አለ አቶ ቀበሮ። አያ ጅቦ በሚኖርበት ዋሻ መብራት እንደሌለ፣ ጥቁሩም ያለ መብራት ብዙ እንደማይቆይ እያወቀ ጠቅልሎ ሰጠው።

እመት አህያ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ መብራቱ በሚገባበት ግድግዳ አጠገብ ተቀምጣ ሥራ ጀመረች። ነጩ መጀመሪያ አላሳፈራትም። ምሰሶውን ሣለችበት፤ ድንጋዩን ደረደረችበት። ከድልድዩ ሥር ወንዙን ልታፈስ ስትል ግን ውሃው እንደ ገንፎ ረጋ። አንዷ ሞገድ ከዚያኛው ዳር ተነስታ እዚህኛው ዳር እስክትደርስ፣ ኤሊ አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጆቿን ድራ ትመለስ ነበር። ወንዙ ካልፈሰሰ ደግሞ ድልድዩ ጎርፍ መቻል አለመቻሉን ንጉሡ እንዴት ያያል? ጉባኤው እየቀረበ ነው፤ ጆንያውም በየማለዳው ጀርባዋ ላይ ይወጣል።

ወደ ሱቁ ተመለሰች። አቶ ቀበሮ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳያት።

«ድልድዩን ለምን አያሳጥሩትም?» አለ። «ሲያጥር ለማሽኑም ይቀልለዋል።»

«እስከ የት?»

«እስከ ወንዙ መሃል።»

«ከመሃል ወዲያስ?»

«ዋና የሚችል ይዋኛል።»

አያ ጅቦስ? የእሱ መከራ የባሰ ነበር። ዋሻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሚዳቋዋን ያሳድዳል፤ ይደርስባታል፤ ሊዘልባት ሲል ማሽኑ ድርግም። ተነስቶ ኩይሳው ድረስ ይጓዝና ቻርጅ ያደርጋል። አቶ ቀበሮ ለእያንዳንዱ ቻርጅ አንድ አጥንት ያስከፍለዋል። ዋሻው ባዶ ሆነ። በመጨረሻ አያ ጅቦ የአያቱን መታሰቢያ አጥንት ሳይቀር ሰጠ፤ ሲሰጥም አለቀሰ ይባላል፤ እንባው ወርዶ ምንጭ ሆነ የሚሉም አሉ።

መንገዱ በወፍጮ ቤቱ የእሾህ አጥር ሥር ያልፋል። እመት አህያ ጥቁሩን ታቅፎ ሲመላለስ ታየዋለች። በየቀኑ ይከሳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ሥር አረፍ ብሎ ብቻውን ሲያጉተመትም ሰማችው።

«የጅራቷ ፀጉር እንኳ አንድ በአንድ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ድርግም።»

እመት አህያ ጆሮዋ ቆመ። ፀጉር አንድ በአንድ የሚያሳይ ማሽን ወንዝ ማፍሰስ ያቅተዋል? ወደ አጥሩ ቀረበች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋሉ?»

አያ ጅቦ ቀና አለ። «አንቺን ሳላይ እንደምን ልዋል? እስቲ ወጣ በይ፣ በደንብ እንድንተዋወቅ።»

«እዚሁ ሆኜ ይሰማኛል። የእርስዎ ማሽን ጉልበቱ ብዙ፣ ዕድሜው አጭር ነው። የእኔ ጉልበቱ ትንሽ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። እኔ መብራት አለኝ፤ እርስዎ የለዎትም። ብንቀያየርስ?»

አያ ጅቦ አሰበ። ሲያስብ ጭንቅላቱ ጭስ ያወጣል፤ ወፎች ከዛፉ ላይ ተነሱ።

«ያንቺ ቀዝቃዛው አይደል? ሚዳቋዋን ያሳያል?»

«የጅራቷ ፀጉር ይደበዝዛል። ሚዳቋዋ ግን ሚዳቋ ናት።»

«ፀጉር አልበላም» አለ አያ ጅቦ። ወዲያው ግን ዓይኑ ጠበብ አለ። «ጥቁሩንም ይዤ፣ ነጩንም ወስጄ፣ አንቺንም ብበላስ?»

እመት አህያ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። 

«ይችላሉ» አለች። «እኔ አላስቆምዎትም። ግን ከእኔ የሚያገኙት ሌላው በልቶ የተወውን ትራፊ ያህል ነው፤ ገጣባና አጥንት ነኝ። ሚዳቋዋን ግን እርስዎ ራስዎ አባረው ይይዟታል። ማንም ቀድሞ አይበላብዎትም።»

አያ ጅቦ አፍንጫውን ወደ አጥሩ አስጠጋ። እመት አህያም ሌላ መንገድ ስላልነበራት ነጩን በአጥሩ ሥር ገፋ አድርጋ አሳለፈችለት። አሁን እጇ ባዶ ነው። ይዞ ቢሄድ፣ ድልድዩም ተስፋዋም አብረው ሄዱ።

አያ ጅቦ ከፈተው። ሚዳቋዋ ተነሳች። አባረራት። ዘለለባት፤ ማሽኑም አልጠፋም። ያዛት።

 ከዚያ በቀስታ «ያዝኳት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ሌላዋን ጀመረ። ቀጥሎ ሌላዋን። ጥላው ዞረ፤ እሱ ግን ቀና አላለም። ጥቁሩ ላፕቶፕ በፊት እግሮቹ መካከል ወድቋል።

እመት አህያ ጠበቀች፤ አልሰጣትም። ረስቶታል። የአጥሩን በር ከፈተች። አንድ ጊዜ ቆመች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ቀረበችው። የአፉ ሙቀት አንገቷ ላይ ይሰማታል። አጎንብሳ ጥቁሩን ከእግሮቹ መካከል በጥርሷ አነሳች። አያ ጅቦ ዓይኑን ከፍ አድርጎ አያት።

«ቻርጀሩን ረሳሽ» አለና በአፍንጫው ገፋላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጅቦ ኩይሳው ጋ ዝር አላለም፤ ባትሪው ሲያልቅበት አንዳንዴ ብቻ ወደ አጥሩ ይመጣና እመት አህያ ቻርጅ ታደርግለታለች፤ አጥንትም አትጠይቀውም። አቶ ቀበሮ አጥንቱ ሲቀርበት ነገሩን ሊያጣራ ወረደ። ሁለቱን በአጥሩ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አያቸው።

«እናንተን ማን አስማማችሁ?» አለ፣ ቅሬታውን ሳይደብቅ።

«ዝም በል፣ እያደንኩ ነው» አለ አያ ጅቦ።

ጥቁሩ የመብራቱን ገመድ አግኝቶ ድልድዩም እንደገና ከተሣለበት ወዲህ ወንዙ ፈሰሰ። እንዴት እንደፈሰሰ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጫማ ያወልቅ ነበር፤ ጫማ የሌለው ሰኮናውን ያነሳ ነበር።

ጉባኤው የተደረገው ንጉሡ በሚቀመጥበት ትልቅ አለት ላይ ነው። እመት አህያ የዚያን ዕለት ጭነት የሚወስድላት ስላልነበር ከነጆንያዋ መጣች። ማሽኑን ንጉሡ ፊት ዘረጋች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እዚህ መብራት የለም። ይኼ ማሽን ደግሞ ያለ መብራት ብዙ አይታገሥም። እባክዎ ቶሎ ይመልከቱ።»

አንበሳ በዕድሜው ማንም ቶሎ በል ብሎት አያውቅም። ግን ወንዙን ሲያይ መቆጣት ረሳ። ጎርፉ መጣ፤ ምሰሶውን መታ፤ ድልድዩ ቆመ። በላዩ ላይ ትንንሾቹ አራዊት ሲሻገሩ ታየው። እግሩን ስክሪኑ ላይ አኖረና እርጥብ እንደሆነ ለማየት መዳፉን ገለበጠ። ያን ጊዜ ማሽኑ ጠፋ።

ጉባኤው በሙሉ ንጉሡን ተመለከተ። አንበሳ ከጠፋው ስክሪን ላይ ዓይኑን አንስቶ እመት አህያን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት፤ ጆንያውንም አየው።

«ይኼን አውርዱላት» አለ። «መሐንዲሴ ጭነት አትሸከምም።»

ጆንያውን አወረዱላት። እመት አህያ ግን ቀጥ ብላ መቆም ለጊዜው አልሆነላትም፤ ጀርባዋ ያለ ጭነት እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም ነበርና፣ ጎንበስ እንዳለች ጥቂት ቆየች። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀና አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁለት ዕቃ ፊታችን ሲቀርብ የቱ ይበልጣል ብለን ጀርባችንንና አፍንጫችንን ከማማከራችን በፊት፣ የት ሆነን ምን ልንሠራበት እንደሆነ ራሳችንን መጠየቅ እንዳለብን ነው።