ቤቶች!

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ፤ የአፌ ማበሻ ዳቦ ለኋላ ይቆየኝ።

ለሥራው እንከን የማይወጣለት አንድ ጃርት ነበር። ከኮረብታ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቤት ሠራ። ወለሉን ደለደለ፣ ደረቅ ሣር ጎዘጎዘ፣ ጎርፍ እንዳይገባበት ደጁን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ። ግን ገብቶ በተጋደመ ቁጥር የሰው ቤት የተኛ ይመስለዋል።

«ምን ጎደለው?» ብሎ ጎረቤቱን ዔሊን ጠየቃት።

«ሰፍቶብህ ነዋ! ቤት ማለት ጀርባህ ላይ ልክክ ሲል ነው» አለችው።

ጃርት አፈሩን መልሶ ቤቱን አጠበበው። ያው ሆነበት። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና ሌላ ቦታ ሊፈልግ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሣሩን ሊወስድ ተመለሰ። ሳይጣሩ መግባት ነውር ነው ብላ እናቱ ስላሳደገችው፣ እንደ ልማዱ ከደጁ ቆሞ «ቤቶች!» አለ። አንድም ቀን መልስ አግኝቶ አያውቅም።

«አቤት! ማን ልበል?» አለ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ። ባዶ ቤት አገኘሁ ብላ ከነልጆቿ የገባች አይጥ ነበረች።

የጃርት እሾህ በቁጣ ቆመ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ግን ያ «አቤት» ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ደስ ደስ አለው።

«እኔ ነኝ» አለ ዝግ ብሎ።

«ይግቡ እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆምዎታል! ቤት የእግዜር ነው» አለችው አይጥ።

ጃርትም ሊሸከም የመጣውን ሣር ረሳው። ልጆቿን እንዳይወጋ እሾሁን አስተኝቶ፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ገባ።