የባላምባራስ ደጀን ጠመንጃ

ሰው ባልቀመሰው ሕመም ሲፈርድ ቆለኞች የሚወረውሩበት አንድ አባባል አላቸው። እንዲያው ለጨዋታ ማሳመሪያ የመጣ አይደለም፤ የማንጠግቦሽ ባል እግር ተሰብሮበታል።

ባሏ ይርዳው የታወቀ አዳኝ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ጎሽ ከጫካ እየወጣ ማሽላውን አወደመ፤ ውኃ ሊቀዳ የወረደ ሰውም ወግቶ ገደለ። የአገሩ ገዥ ባላምባራስ ደጀን አዲስ ጠመንጃ አመጡና «በዚህ ግደልልን» አሉት። ጠመንጃው ትልቅ ነው፤ ባላምባራስ ግን ሲያዝ እንዲያምርና እንዲቀል ብለው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ሰደፉን አስጠርበው አቅጥነውታል።

ይርዳው ለሙከራ አንድ ጥይት ተኮሰ። ሰደፉ እንደ በቅሎ ረግጦ ከቆመበት አነቃነቀው።

«ጌታዬ፣ እንጨቱ ስለሳሳ ምቱ በረታ። ከበድ ያለ ሰደፍ ይግባለት፤ አለዚያ ትከሻዬ እየሰጋ አነጣጥሬ መተኮስ አልችልም» አለ።

«ምን ይመታል? አጠገብህ ቆሜ ሰምቼው የለም እንዴ? ድምፁ እንኳ እዚህ ግባ አይባልም» አሉ ባላምባራስ።

ይርዳው ቤት ሲገባ ማንጠግቦሽ ትከሻውን ብታየው ጠቁሮ አብጧል። ቅቤ አሸችለት። ከዚያም ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ቆዳ ደራርባ ሰፍታ ሰደፉ ላይ አሰረችው። ይርዳው ደግሞ ቢተኩስ ምቱ ረገበለት።

ለአደን ሲወጡ ባላምባራስ ቆዳውን አዩና ጩቤ መዘው ቆርጠው ጣሉት። «ጠመንጃዬን ትራስ አስታቀፋችሁት? ወንድ እንዲህ አይተኩስም» ሲሉ አጃቢዎቻቸው ሳቁ። ባሏን ልትሸኝ የወጣችው ማንጠግቦሽ የተጣለውን ቆዳ ከመሬት አነሳች።

ጎሹ ከሸንበቆው ሲወጣ ይርዳው አነጣጠረ። ምላጩን ሲስብ ግን የተጎዳው ትከሻው ምቱን ፈርቶ ሸሸ፤ ጥይቱ ጎሹን ጭኑ ላይ ብቻ አገኘው። የቆሰለው አውሬ ዞሮ ይርዳውን አንስቶ ወረወረው። ሌሎቹ ተረባርበው ጎሹን በጦር ጣሉት፤ የይርዳው እግር ግን ተሰብሮ ነበር።

ይባስ ብለው ባላምባራስ ሸንጎ አስቀመጡ። «በፍርሃት ነው የሳተው። ለአዳኝነቱ የሰጠሁት መሬት ይመለስልኝ» አሉ።

ማንጠግቦሽ ተነሳች። በቃሬዛ የተኛውን የባሏን ትከሻ ገልጣ አሳየች።

«ይህን ያጠቆረው ጎሽ ነው? የማን ጠመንጃ ነው? ቆዳውንስ ቆርጦ የጣለው የማን እጅ ነው? እግሩን ያሰበሩት እርስዎ፣ ፈሪ የሚሉት እርስዎ፣ መሬቱን የሚነጥቁት እርስዎ። ከዚህ የባሰ ግፍ የት አለ?»

የሸንጎው አዛውንት አያ ገብረየስ ወደ ባላምባራስ ዞሩ። «ለመሆኑ ይህን ጠመንጃ ተኩሰውት ያውቃሉ?»

«ሲተኮስ ሰምቻለሁ አልኩ እኮ።»

«እንግዲያው ያንን ጉቶ ይምቱልን።»

ባላምባራስ ጠመንጃውን ተቀበሉ። ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደገፉ፤ አወረዱ፤ እንደገና አስደገፉ። ዓይናቸው ከጉቶው ይልቅ ሰደፉ ላይ ነበር። በመጨረሻ «ዛሬ ክንዴን ይጠዘጥዘኛል» ብለው ለአሽከራቸው ሰጡት። የሳቀ ሰው የለም። የማንጠግቦሽ ንዴት ግን እንባ ሆኖ ወረደ።

አያ ገብረየስ መሬቱ እንዳይነካ፣ የይርዳው እግር እስኪጠናም ማሳውን የባላምባራስ በሬዎች እንዲያርሱለት ፈረዱ። ከዚያም ባላምባራስን ትክ ብለው እያዩ፣ «ተኩሱን ጆሮ ይሰማል፤ ምቱን ግን ትከሻ ያውቃል» አሉ።