ከሰኔ በፊት የሚያልፈው ዓለም

ጣሪያ ማለት ከላይ የሚመጣው ነገር ከታች ያለውን ሰው እንዳያገኘው የሚሠራ ክዳን ነው። ነቢይ ምትኩ ግን ከላይ የሚመጣውን በጉጉት የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ዓለም ከሰኔ በፊት እንደሚያልፍ ያስተምራሉ፤ ተከታዮቻቸውም ቤታቸውን ለጉባኤው እያስረከቡ ይጠብቃሉ። የከተማው ሰው እኩሌታው «ቅዱስ»፣ እኩሌታው «ቤት ነጣቂ» ይላቸዋል። ጣሪያ ሠሪው ከሁለቱም ወገን አልነበረም፤ የነቢዩን አዲስ ቤት ቆርቆሮ በመምታት ላይ ነበር።

በግንቦት አጋማሽ ነቢዩ ምእመናኑን ሰብስበው ከመሰላሉ አስወረዱት።

«እኔ እውነተኛ ነቢይ ነኝ ወይስ ሐሰተኛ? እውነተኛ ካልክ ቤትህን አስረክብ። ሐሰተኛ ካልክ ደግሞ ለእነዚህ ንገራቸው።»

እነዚህ የተባሉት ዱላ ይዘዋል።

ሰውዬው ያለችው አንዲት ቤት ናት፤ አምስት ልጆች ያድሩባታል። መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

«እንዴ አባቴ፣ እውነተኛማ ነዎት! ቤቴንም ዛሬውኑ እሰጣለሁ። ብቻ አንድ ነገር ይዘዙኝ፤ ሰኔን የማናይ ከሆነ የመታሁትን ቆርቆሮ ነቅዬ ልሂድ? የለም፣ ቀጥል ካሉኝ ግን እርስዎ የፈሩት ዝናብ የእኔንም ልጆች ያገኛቸዋልና ቤቴ ትቆየኝ።»

ምእመናኑ ወደ ነቢዩ ዞሩ። ነቢዩ ወደ ደመናው አዩ።

«ቀጥል» አሉ።

ሥራው አሸንዳው ሳይቀር ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን አለቀ። ሰኔ ሁለት ዘነበ፤ ሁለቱም ቤት አላፈሰሰም።