የዳለቻ በግ ስፖርት

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው ግን የበግ ጋጣ ነው።

ዳለቻ የሚባል ፈሪ በግ ነበር። በየበዓሉ ገዢዎች እየመጡ የበጎቹን ወገብ ይዳብሱና ላታቸውን በእጃቸው ይመዝኑና የሰባውን ይነዱት ነበር። የተነዳ ደግሞ ተመልሶ አያውቅም።

«እትዬ ፍየሊት፣ ምን ባደርግ ይሻለኛል?» አላት፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይዋን ጎረቤቱን።

«የሚያስበላህ ስብ ነው! ፉርሽካ እንዳትነካ። ጠዋት ቅጠል፣ ማታ ድርቆሽ ብቻ። የታሰርክበትን ግንድ እየጎተትክ ደግሞ አቀበት ውጣ።»

ዳለቻ ምራቁን እየዋጠ ታዘዘ። ሆዳሙ ሙክት ፉርሽካውን እየሰለቀጠ «ኧረ ወንድሜ፣ ለማን ብለህ ነው የምትራበው?» ቢለውም «ለነፍሴ!» ብሎት ግንዱን ጎተተ። ላቱ ሟሸሸ፤ ጭኑና ትከሻው ግን እንደ ድንጋይ ጠጠረ።

በበዓሉ ዋዜማ አንድ ደረተ ሰፊ ጎልማሳ መጣ። የበጎቹ ባለቤት ሙክቱን ሲያቀርብለት ዳለቻ በሆዱ ሳቀ። ጎልማሳው የሙክቱን ላት አነሳና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ጮማ ብቻ ነው። ክብደት ማንሳት ጀምሬ አሠልጣኜ ስብ ከልክሎኛል።» ከዚያ የዳለቻን ትከሻ ሲዳብስ ዓይኑ በራ። «እንዴ! ይሄ እኮ ሁለመናው ቀይ ሥጋ ነው! እሱን ስጡኝ!»

ዳለቻ ጆሮውን ማመን አቃተው። ገመዱ ከግንዱ ሲፈታ ወደ ፍየሊት ዞረ።

እሷ ግን አላየችውም፤ አፏን እስከ ዓይኗ ፉርሽካው ውስጥ ቀብራ ትሰለቅጥ ነበር።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በዳቦ ብታብሱልኝ ይበቃኛል፣ ሥጋው ይቅርብኝ።